ከባሕር ወደ ወይና ደጋ የወጣች ጀልባ

ያገለገለች ትንሽ ሞተር ጀልባ ገዝቶ በጣና ላይ ለማሠራት ምን ያስፈልጋል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው የእንጦጦን ዳገት ወጥቶ ሲጨርስ የሱሉልታን ሜዳ ያገኛል። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፣ በድርቆሽዋና በወተቷ የታወቀች አገር ናት። በዚህ ሜዳ ላይ ጀልባ አያለሁ ብሎ የሚያስብ መንገደኛ የለም። ይሁን እንጂ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በአዲስ አበባና በጎጃም በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጫን ዕቃ መንገዱ ይኸው ነው። በጣና ላይ እንድትሠራ የተገዛች ጀልባም ብትሆን በጭነት መኪና ላይ ተጋድማ፣ ሱሉልታን አቋርጣ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዳ፣ በደጀን በኩል እንደገና ወጥታ ነው ውሃ የምታገኘው።

ጀልባዋ በዚህ ጉዞ ላይ ሳለች ባለቤቱ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የጭነት መኪናው እንጦጦን ሲወጣ ሞተሩ ያቃስታል፤ ሾፌሩም ማርሽ ደጋግሞ ይቀንሳል። ለዚህ ምክንያቱ ዳገቱና ጭነቱ ብቻ አይደሉም። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሞተርም እንደ ሰው የሚተነፍሰው አየር ሲሳሳበት ጉልበቱ ይደክማል። ዛሬ ተጭና የምትሄደው ጀልባ ነገ በራሷ ሞተር ስትንቀሳቀስ ይኸው ድካም ያገኛታል። በባሕር ጠረፍ ተሠርታ፣ በጨው ውሃ አገልግላ የመጣች ጀልባ ጣና ላይ ስትወርድ የሚጠብቃት አየርም ውሃም ሌላ ነው። ስለዚህ ያገለገለች ጀልባ የገዛ ሰው ገና ግማሹን ነው የገዛው፤ የቀረውን ግማሽ እርሱ ራሱ ሊያሟላው ይገባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያን የቀረውን ግማሽ ለአንባቢዎቻችን መዘርዘር ነው።

ጣና ምን ዓይነት ውሃ ነው?

በመናገሻ ዙሪያ ውሃ የለም ማለት አይቻልም። በቡራዩ አጠገብ የሚገኘው ገፈርሳ ለዓይን ደስ የሚያሰኝ ውሃ ነው። ነገር ግን ገፈርሳ ለአዲስ አበባ መጠጥ የተገደበ ስለሆነ ቤንዚንና ዘይት ለምታንጠባጥብ ጀልባ ቦታዋ አይደለም። ጣሪያና ጓዳ ያላት ትንሽ ሞተር ጀልባ እንጀራዋን አግኝታ የምታድረው በጣና ነው።

ጣና ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የውሃው ወለል ከባሕር በላይ 1,786 ሜትር ግድም ከፍ ይላል። ከባሕር ዳር ተነሥተው ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ራቅ ሲልም ወደ ደቅ ደሴትና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚሄዱ ተሳላሚዎች፣ ጎብኚዎችና ነጋዴዎች በእነዚህ ጀልባዎች ይገለገላሉ። የሐይቁ ጥልቀት ግን እጅግ በሚጠልቅበት ስፍራ 14 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነሣበት ማዕበሉ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተደጋጋሚ ይሆናል። ጠዋት እንደ መስታወት ተኝቶ የነበረው ውሃ ከሰዓት በኋላ ጀልባ ሲንጥ ማየት ለአገሩ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

የውሃው ከፍታም በወራት ይለዋወጣል። በመስከረምና በጥቅምት ሞልቶ፣ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ይላል፤ በመስከረም በላዩ የታለፈው ድንጋይ በግንቦት የጀልባ ሆድ ይቀድዳል። በሰኔ 1995 ዓ.ም. ዝናብ በማነሱና ለኤሌክትሪክ ኃይል ብዙ ውሃ በመለቀቁ ሐይቁ እጅግ ዝቅ ብሎ መርከቦቹ ለመሥራት እስከ መቸገር ደርሰው ነበር። ስለዚህ በጣና ላይ የሚሠራ ሰው የጀልባዋ ሆድ ምን ያህል ወደ ውሃው እንደሚጠልቅ በሴንቲሜትር ማወቅ አለበት።

ቀለም አይግዙ

ያገለገለች ጀልባ ለገበያ ስትቀርብ እንደ ሙሽራ ተኳኩላ ነው። ገዢው ግን በመጀመሪያ ከታች፣ ከሆዷ ይጀምር። ቀፎዋ ፋይበር ግላስ ከሆነ በትንሽ መዶሻ ጀርባ ቀስ እያለ ያንኳኳት። ጤነኛው ስፍራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውሃ የጠጣው ወይም ከውስጥ የተላቀቀው ስፍራ ግን እንደ በሰበሰ እንጨት የታፈነ ድምፅ ያሰማል። በቀፎው ላይ እንደ ፈንጣጣ ብቅ ብቅ ያሉ እብጠቶች ከታዩ ውሃ በቀለሙ ሥር ገብቷል ማለት ነው። ይህ በሽታ ከጨው ውሃ ይልቅ በጨው አልባ ውሃ ይብሳልና፣ በባሕር ላይ ትንሽ የነበረው እብጠት በጣና ላይ እንደሚሰፋ መገመት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ወደ ሞተሩ ነው። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ እንዳይጠብቅ ይነገረው፤ የታመመ ሞተር ሕመሙን የሚናገረው በቀዝቃዛነቱ ሲነሣ ነውና። የዘይቱ መለኪያ ሲወጣ ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል፤ ያን ጊዜ ዋጋ ከመከራከር ሌላ ጀልባ መፈለግ ይሻላል። በመጨረሻም ሙከራው ባዶ ጀልባ ላይ አይሁን። ወደ ፊት ልትጭነው የታሰበውን ያህል ሰው ወይም አሸዋ ጭና፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት በሙሉ ጉልበት ትሂድ።

ጉልበቱ የት ሄደ?

ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ያጣል። በዚህ ሒሳብ በጅቡቲ 40 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በጣና ላይ 33 ያህል ይቀረዋል። ሰባቱን የፈረስ ጉልበት ማንም አልሰረቀውም፤ የሳሳው አየር ወስዶታል።

ብዙ ሰው ይህን ድካም ያየ እንደ ሆነ ቤንዚን አብዝቶ በመስጠት ሊያሸንፈው ይሞክራል። መድኃኒቱ ግን ያለው በፕሮፔለሩ ላይ ነው። ፕሮፔለር በውሃ ውስጥ እንደ ብሎን የሚገባ ነገር ሲሆን፣ በአንድ ዙር ወደ ፊት ሊገፋ የሚችለው ርቀት በኢንች ተለክቶ ይጻፍበታል። ለባሕር የተመረጠው ፕሮፔለር ለደከመው ሞተር ይከብደዋል፤ ባለ ጭነት መኪና በአራተኛ ማርሽ እንጦጦን ልውጣ እንደ ማለት ነው። በዚህ ዓይነት የሚሠራ ሞተር ዙሩ ሳይሞላ በከንቱ ይታገላል፤ ይግላል፤ ፒስቶኑ ጥላሸት ይይዛል፤ ዕድሜው ያጥራል። ልኩ አንድ ወይም ሁለት ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር ሲታሰርለት ግን፣ እያንዳንዷ ኢንች በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ስለምትጨምር፣ ሞተሩ ፋብሪካው ወደ ወሰነለት ዙር ይመለሳል። ጀልባዋ ትንሽ ፍጥነት ታጣለች፤ ሞተሩ ግን ይተርፋል።

ካርቡራቶር ያለው ሞተር ከሆነ ደግሞ፣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ጥቁር ጭስ ያጨሳል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። የቤንዚኑ ማስገቢያ ቀዳዳ በጠበበ መለወጥ አለበት። አዳዲሶቹ ሞተሮች ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ፤ የጠፋውን ጉልበት ግን እነርሱም ቢሆኑ አይመልሱትም።

ትንሿ ጎማ

መኪና የሚቀዘቅዘው በራዲያተር ነው። የጀልባ ሞተር ግን ከሐይቁ ውሃ እየሳበ ይቀዘቅዛል። ይህን ውሃ የሚስበው ፖምፓ በውስጡ ቅጠል ቅጠል ያላት የጎማ መዘውር አለችው። መዳፍ የምትሞላ ይህች ጎማ ከጠቅላላው ዕቃ ሁሉ ርካሿ ናት፤ በእርሷ መበላሸት የሚቃጠለው ሞተር ግን ከዕቃው ሁሉ ውዱ ነው። ያለ ውሃ ለአንድ ደቂቃ ያህል ከዞረች ትቃጠላለች። ስለዚህ ጀልባዋ ገና በመኪና ላይ ሳለች ወይም በደረቅ መሬት ቆማ ሞተሩን አስነሥቶ ማሰማት፣ ሻጮች የሚወዱት ቢሆንም፣ ፖምፓውን መግደል ነው።

ከኋላ የሚንጠለጠሉት ሞተሮች ውሃው መዞሩን የሚያሳዩበት ቀጭን ፏፏቴ አላቸው። ነጂው ሞተሩን ባስነሣ ቁጥር ዓይኑን ወደዚያ ይጣል። ፏፏቴው ከቀጠነ ወይም ከቆመ ወዲያውኑ ሞተሩን ያጥፋ።

በጣና ላይ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ድርብ ሆኗል። ከ2004 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ የተባለው አረም ለዓሣ አስጋሪና ለገበሬ ብቻ ሳይሆን ለሞተርም ጠላት ነው። ሥሩ በፕሮፔለሩ ላይ እንደ ገመድ ይጠመጠማል፤ ቅጠሉ የውሃውን መሳቢያ ይደፍናል። የጣና ውሃ በወንዞቹ ደለል የደፈረሰ መሆኑም የጎማዋን ቅጠሎች እንደ ሞረድ ይበላል። አረም ውስጥ የገባ ነጂ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማርሹን ነጻ አድርጎ፣ በእጁ ማጽዳት አለበት፤ ጉልበት ጨምሮ ልውጣ ያለ እንደ ሆነ ሞተሩን ያቃጥላል። ስለዚህ መቅዘፊያ፣ ቢላዋና አንድ ትርፍ ጎማ ከመፍቻው ጋር በጀልባዋ ውስጥ መኖር የሚገባቸው ዕቃዎች ናቸው። ጎማዋም ባትሰበርም በዓመት አንድ ጊዜ ትለወጥ።

በሞተሩ ፈንታ የሚበላ ብረት

በውሃ ውስጥ ልዩ ልዩ ብረቶች ሲገናኙ እንደ ባትሪ ሆነው አንዱ ሌላውን ይበላዋል። የጀልባ ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ከሞተሩ እግር አጠገብ ቶሎ የሚበላ ሌላ ብረት ያስራሉ፤ እርሱ ሲበላ ሞተሩ ይድናል። በባሕር ላይ የሚታሰረው አብዛኛውን ጊዜ ዚንክ ነው። ዚንክ ግን ጨው በሌለበት ውሃ ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ሥራውን ያቆማል። ከውጭ ሲታይ ሳይበላ እንደ አዲስ ተቀምጦ ባለቤቱን ያስደስተዋል፤ በዚያው ጊዜ ግን የሚበላው የሞተሩ እግር ነው። በጣና ለምትሠራ ጀልባ የሚስማማው ማግኒዝየም ነው፤ እርሱም ግማሹ ሲያልቅ ይለወጣል።

ጋራዥ የሚችለውና የማይችለው

የቡራዩና የሰበታ መካኒኮች የጭነት መኪና ሞተር ፈትቶ መግጠም ሥራቸው ነው። በሆዷ የናፍጣ ሞተር ያላት ጀልባ ብትመጣላቸው አይደነግጡም፤ ከእነዚህ ሞተሮች ብዙዎቹ በመሠረቱ የመኪና ወይም የፋብሪካ ሞተሮች ናቸውና። ፊልትሮ፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ የዘይት መዝጊያ ጎማ የመሳሰለው ልኩ ከተገኘ ከመኪና ዕቃ መደብር ሊገዛ ይችላል። በቁጠባ ረገድም ቢሆን ይህ ትልቅ ረድኤት ነው፤ የጀልባ መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣና ብዙ የሚያስጠብቅ ነውና።

ነገር ግን ሦስት ነገሮች ከመኪና ወደ ጀልባ መሻገር የለባቸውም።

የመጀመሪያው ሞተሩ በሆዷ ላለ የቤንዚን ጀልባ የመኪና ሞተሪኖና ዲናሞ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር የከበደ ስለሆነ ከመኪና ሥር በነፋስ ይበተናል፤ በጀልባ ሆድ ውስጥ ግን እንደ ውሃ ይጠራቀማል። የጀልባ ሞተሪኖ ብልጭታው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተዘግቶ የተሠራ ነው፤ የመኪናው ግን አይደለም። አንዲት ብልጭታ ጀልባን እስከ ነሰዎቿ ታጠፋለች። ስለዚህ ማስነሻው ከመነካቱ በፊት ክዳኑን ከፍቶ ማሽተት፣ ማናፈሻው ካላትም አራት ደቂቃ ያህል ማሠራት ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ተራ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። በእርጥበት ውስጥ መዳቡ ከውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ይበላል፤ ሽፋኑ ግን ደህና መስሎ ይኖራል። የጀልባ ሽቦ በቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ ነው።

ሦስተኛው የነዳጅ ጎማ ነው። የተሰነጠቀ የነዳጅ ቱቦ በመንገድ ላይ መኪናን ያቆማል፤ በሐይቅ መካከል ግን እሳት ነው።

ባትሪውም ይለካ። ሞልቶ ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ያሳያል፤ 12 ከደረሰ ባዶ ሊሆን ነው። ማታ መብራት ያበራ፣ ስልክ የሞላና ሙዚቃ ያጫወተ ባትሪ ጠዋት ሞተር ባያስነሣ ሊያስደንቅ አይገባም። ለማስነሻ አንድ፣ ለሌላው ሥራ አንድ ባትሪ ለይቶ መያዝ ይህን ችግር ያስወግዳል።

ውሃው ከገባ

አንድ ኢንች ስፋት ያለው ቀዳዳ ከውሃው ወለል 30 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ቢገኝ በደቂቃ ከ40 ሊትር በላይ ያስገባል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከአራት ኩንታል የሚበልጥ ክብደት ተጨመረ ማለት ነው። ይህ ቀዳዳ ሁልጊዜ ከድንጋይ አይመጣም፤ አርጅቶ የላላ የቱቦ ማሰሪያም ይበቃል። ስለዚህ ከሆዷ ውሃ የሚያወጣው ፖምፓ ሥራውን የሚያስጀምረው ተንሳፋፊ ማብሪያ በየሳምንቱ ባልዲ ውሃ አፍስሶ ይሞከር። ፖምፓው ቢሰበርም ባልዲው አይጥፋ፤ ባልዲ ባትሪ አይፈልግም።

መልሕቅን ብዙ ሰው የሚያስበው ለማረፊያ ብቻ ነው። ሞተር ሲቆምና ነፋስ ወደ ድንጋይ ሲገፋ ግን መልሕቅ የጀልባ ፍሬን ነው። ፍሬን የሚሆነው ገመዱ ረዝሞ በሐይቁ ወለል ላይ ሲጎተት ነውና፣ በማዕበል ጊዜ ገመዱ የጥልቀቱን ሰባት እጥፍ ይሁን፤ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ 70 ሜትር። አምስት ክንድ ገመድ የታሰረበት መልሕቅ ጌጥ ነው።

የሕይወት አድን ጃኬት በሰው ቁጥር ልክ ይኑር፤ የሕፃናትም ለብቻው ይኑር። በበዓል ቀን፣ ተሳላሚው በወደቡ ላይ ሲጋፋ፣ ባለ ጀልባው ትልቁ ፈተና የሚደርስበት ሰዓት ይህ ነው። አንድ ሰው ልጨምር ባለ ቁጥር የጃኬቱን ቁጥር ይቁጠር። ጃኬቶቹ በላስቲክ ተጠቅልለው በጓዳ ከተቆለፈባቸው የሉም ማለት ነው። በጣሪያዋ ላይ ሰው መጫንም ፈጽሞ አይገባም፤ ክብደት ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ጀልባ ለመገልበጥ ትቀርባለችና።

ሒሳቡ

መኪና በኪሎ ሜትር፣ ጀልባ በሰዓት ትቆጠራለች። ከኋላ የሚንጠለጠሉት አብዛኞቹ ባለ አራት ምት ሞተሮች በየ100 ሰዓቱ ዘይት ይለወጥላቸዋል። በቀን ሁለት ሰዓት የምትሠራ ጀልባ በ50 ቀን ይህን ትሞላለች ማለት ነው። ስለዚህ በነጂው አጠገብ አንድ ደብተር ይሰቀል፤ የተነሣችበት ሰዓት፣ የተመለሰችበት ሰዓት፣ የተቀዳው ነዳጅ፣ የተለወጠው ዕቃ ይጻፍበት። ደብተር ያላት ጀልባ ስትሸጥም ዋጋ ታወጣለች።

በሌላው ዓለም ልማድ ለጀልባ ዕድሳት በዓመት ከዋጋዋ አንድ አሥረኛው ይቀመጣል። ያገለገለች ጀልባ የገዛ ሰው ግን ይህን አሥረኛ ማስላት ያለበት በከፈለው ዋጋ ሳይሆን በአዲሷ ጀልባ ዋጋ ነው። ምክንያቱም የጀልባዋ ዋጋ በእርጅና ይወርዳል፤ የፖምፓዋና የፕሮፔለሯ ዋጋ ግን አይወርድም። ገንዘቡን ሁሉ ለግዢው አውጥቶ ለዕድሳት ምንም ያላስቀረ ሰው ጀልባ አልገዛም፤ ዕዳ ነው የገዛው።

ከታንኳ ሠሪው የሚገኝ ትምህርት

ይህ ሁሉ ዝርዝር የፈረንጅ ፋብሪካ ያመጣው አዲስ ጣጣ እንዳይመስለን። በጣና ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ ሞተር ከመፈጠሩ በፊት ጀምሮ በዚህ ውሃ ላይ ነበር። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ከጠጣ ይከብዳል፤ ከከበደ ይሰጥማል። ስለዚህ ባለ ታንኳው ከጉዞ ሲመለስ ታንኳውን በውሃ ላይ ትቶ አይሄድም። ወደ ዳር አውጥቶ፣ ውሃው እንዲንጠፈጠፍና በፀሐይ እንዲደርቅ ያደርገዋል፤ የላላውን ማሰሪያ ያጠብቃል፤ ያረጀውን ደንገል በአዲስ ይተካል። ታንኳው ከጥቂት ወራት በላይ እንደማይቆይ ስለሚያውቅ አዲሱን የሚሠራው አሮጌው ሳይሰጥም ነው።

ያገለገለች ሞተር ጀልባ የገዛ ሰውም ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም። ማታ ውሃዋን ያንጠፍጥፍ፤ ማሰሪያዋን ይይ፤ የደከመውን ዕቃ ሳይሰበር ይለውጥ። ፋይበር ግላስና ብረት ከደንገል ይልቅ ብዙ ዓመት ስለሚታገሡ ጉዳታቸውን ቶሎ አይናገሩም፤ አደጋውም ያለው በዚሁ ዝምታቸው ላይ ነው። ነገ ጠዋት በዚያች ጀልባ ወደ ደሴት የሚሻገሩት እናቶችና ልጆች ሞተሩን የሚያውቁት በድምፁ ብቻ ነው። ጎማዋን፣ ሽቦዋንና የመልሕቋን ገመድ አይቶ የሚያድርላቸው ባለ ጀልባው ነው።